የአባባ ግማሽ ጢም

ጥቅምት 3 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ። ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ፈጅቶ «ወደ ጉዳይሽ ስትደርሺ ቀስቅሺኝ» ብለህ የመለስክልኝን አልረሳሁም። እንግዲያው፦ እኔ ደህና ነኝ፣ አንተም ደህና ሁን፣ አባባን ሳምልኝ፣ ሻለቃንም ከፈቀደች ሳምልኝ። ሚስትህን ሻለቃ ማለቴን አትንገራት። ቤቱን እንደምትመራው ከሆነ ግን ማዕረጉ እንዲያውም ያንሳታል።

መጀመሪያ ስለ ሰው ሠራሹ እጅህ። «ለምን እንደ አይጥ ወጥመድ ተፈናጥሮ ይከፈታል?» ብለሃል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ የሠሪዋ ነው፤ ሠሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እጁ ውስጥ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር የምትባለው ቺፕ እኔ የጻፍኩላትን ብቻ ነው የምትሠራው። በምን ፍጥነት እንደምትከፍት አንድ ቁጥር ሰጥቻታለሁ፤ ቁጥሩም ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ድንች ለሚልጥ፣ በር ለሚከፍት፣ ቦርሳ ለሚያንጠለጥል ሰው ይበቃል። ለፀጉር ቆራጭ ግን አይሆንም። የሰው አገጭ ይዞ የሚሠራ እጅ ሲለቅ እንዲህ ከተፈናጠረ ደንበኛው ዳግመኛ በዚያ መንገድ አያልፍም።

ስለዚህ ላንተ ብዬ ቀየርኩት። ከእንግዲህ እጁ ሲከፈት ቁጥር አይመለከትም፤ የክንድህን ጡንቻ ይጠይቃል። በቀስታ ካዘዝከው በቀስታ፣ በፍጥነት ካዘዝከው በፍጥነት ይከፈታል። አዲሱን ፕሮግራም ለክሊኒኳ ባለሙያ ልኬላታለሁ፤ ሄደህ አስጭነው።

ባለሙያዋ «የእህትህ ማክሮዎች» ስትል ሰምተህ ማክሮ ምንድን ነው ላልከኝ ደግሞ፦ ትዝ ይልሃል፣ እኔ ልጅ ሆኜ ያቺ ወሬዋ የማያልቅ ጎረቤታችን በር ስታንኳኳ እማዬ ከጓዳ «የለሁም በያት» አለችኝ። እኔም በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ «እማዬ የለሁም በያት ብላለች» አልኩ። ማክሮ ማለት ያን ቀን እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ትሰጠዋለህ፣ ቃሉ የሚወክለውን ጽሑፍም ትነግረዋለህ። ከዚያ በኋላ ያን ቃል ባየበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉን እንዳለ ይተካዋል። አይጠይቅም፣ አያስብም፣ «የለሁም»ን ወደ «የለችም» አይቀይርም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፕሮግራሙ ወደ ቺፗ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ እሷ ማክሮ የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም። ቦታ ለጠበባትና ሩጫ ለበዛባት ትንሽ ቺፕ ግሩም ነገር ነው። እንደ እኔ መድገም ለሚሰለቸው ሰውም እንዲሁ።

ከሁሉም የምወደው ማክሮዬ ስሙ «ትልቁ» ነው። ሁለት ነገር ትሰጠዋለህ፣ ከሁለቱ ትልቁን ይመልስልሃል። እጅህ ቀስ አልኩ ብሎ መሃል መንገድ ላይ እንዳይቆም፣ ጡንቻህ ከጠየቀው ፍጥነትና እኔ ከወሰንኩለት ዝቅተኛ ፍጥነት ትልቁን ይወስዳል። አንተ ብትለግም እንኳ እሱ አይለግምም ማለት ነው።

አናጺው አጠገብህ ቆሞ እያለ መደርደሪያውን እኔው ልቁረጠው ብለህ ቀኝ እጅህን ለመጋዝ ከሰጠህ ዓመት ሊሆነው ነው። አጋርህ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለውን ወንበርህን ጨርቅ አልብሶ እየጠበቀህ ነው። ይኼ እጅ ወደ ወንበርህ ይመልስሃል። እኔ ነኝ ያልኩት።

ሚጢ

ጥቅምት 21 ቀን

ሚጢ፣

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ካቃተሽ የምትወቅሺው ሰው የለም፤ እየጻፍኩ ያለሁት በሠራሽው እጅ ነው። ባለሙያዋ በየቀኑ አንድ ገጽ እንድጽፍበት አዝዛኛለች። ለማላውቀው ሰው ከምለቀልቅ ለሠሪዋ ልላክላት አልኩ። አባባ ወረቀቱን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና «ዶሮ ናት የጫረችው?» አሉኝ።

አባባ ለምን ፎቶ እንደማይልኩልሽ ጠይቀሻል። ሻለቃ አትናገር ብላኝ ነበር፤ አንቺን ግን አላታልልሽም። ከመጋዙ ወዲህ አባባ ምላጭ አላስነኩም። አጋሬ እቤት ድረስ መጥቶ ለምኗቸው ነበር። «አንገቴ ሥር ምላጭ ይዞ የሚቆም ወይ ልጄ ነው፣ ወይ ማንም አይደለም» ብለው መለሱት። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ሻለቃ ሾርባ ባቀረበች ቁጥር «ከአባባ በፊት ጢማቸው ጠጣው» ትላለች። እሳቸው ምን ቸገራቸው።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ። አዲሱ ፕሮግራም ገብቷል፤ እጁ ሌላ እጅ ሆኗል! ትናንት የሻለቃን ሻርፕ ከወንበር ላይ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ አንድ ክር አልተመዘዘም። የሳሙና ብሩሹን ያዝኩ፣ አስቀመጥኩ። ማበጠሪያውን ያዝኩ፣ አስቀመጥኩ። ባለሙያዋ «ጠበቅ አድርገህ ቆይበት» ስትለኝ ቆየሁበት፤ እሷም ረካች።

ምላጩን ዓመቱን ሙሉ በግራ እጄ ተለማምጃለሁ። ፊኛ ላይ ሳሙና ቀብቼ ስንቱን እንደላጨሁ ሻለቃ ትመስክር፤ በመጀመሪያው ወር ቤታችን ሠርግ ያለበት ይመስል ነበር፣ ፍንዳታው። ነገር ግን መላጨት የሁለት እጅ ሥራ ነው። አንዱ ይላጫል፣ አንዱ ቆዳውን ወጠር አድርጎ አገጩን ይይዛል። የሚይዝ እጅ ከሌለ ምላጩ ይዘላል። እኔ ያጣሁት እሱን ነበር።

የፊታችን ቅዳሜ አባባን እላጫቸዋለሁ። እሱ ከተሳካ ሰኞ ወንበሬ ላይ ነኝ። ለአባባ ስነግራቸው ከአውቶቡስ ሹፌርነታቸው ዘመን የተረፈችውን አባባል አመጡብኝ፦ «ሹፌር የሚታወቀው በመነሳቱ አይደለም፣ በመቆሙ ነው»። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም፤ ብቻ ደስ ብሏቸዋል። እኔም አልፈራሁም። ትንሽ ግን… ኧረ አልፈራሁም።

ወንድምሽ

ኅዳር 2 ቀን

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎን፣ ቅዳሜ አልፏል። ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው። እጁም ደህና ነው። ወንበሩን በተመለከተ ከአጋሬ ጋር ተነጋግረናል፤ አንድ ጥሩ ባለሙያ አግኝቷል፣ በሚቀጥለው ወር ወንበሬ ላይ ይጀምራል። እኔም ዕረፍቱን ለምጄዋለሁ።

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁና በእኔ ጉዳይ አትድከሚ።

አክባሪሽ ወንድምሽ

ኅዳር 11 ቀን

ጋሼ፣

መቼ ነው እኔ «እህቴ» የሆንኩት? መቼ ነው አንተ «አክባሪሽ» የሆንከው? የቀበሌ ደብዳቤ መስሎኝ ማኅተም ስፈልግበት ነበር።

ደግሞ ጽሑፍህ አምሯል። በጣም አምሯል። ፊደሎቹ እንደ ተማሪ ቤት ሰሌዳ ተሰልፈዋል፣ አንዲት ዶሮ አልነካቻቸውም። ስለዚህ የጻፍከው በግራህ ነው። ስለዚህ እጁ ክንድህ ላይ የለም። የት ነው? መሳቢያ ውስጥ ነው?

አንተን ሰው ሁለቴ መጠየቅ እንዳለበት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የመጀመሪያው መልስህ ለእንግዳ ነው፤ ሁለተኛው ነው የእኛ። የመጋዙ ቀን ሆስፒታል ደውዬ «ደህና ነህ?» ስልህ «ደህና ነኝ» አልከኝ፤ ያውም እየሳቅህ። «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» ብዬ ስደግምልህ ግን «ሚጢ፣ እጄ የለም» አልከኝ። ያን ቀን ነው ይህን እጅ እሠራለሁ ያልኩት። እንዲሁ ለማጽናናት አልነበረም። እችላለሁ ብዬ ነው፤ ዛሬም እችላለሁ።

እና ይኸው እጠይቅሃለሁ። ደህና ነህ?

ደህና ነህ?

ምን እንደተሰማህ አሁን አትጻፍልኝ፤ እሱን ሌላ ጊዜ አብረን እናለቅሳለን። የምፈልገው ጣቶቹ ያደረጉትን ነው። ያዙ? ለቀቁ? ክፈት ያልካቸው እንዴት አድርገህ ነው? እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ የእጅህ መንታ ተቀምጧል። ሽቦውን ክንዴ ላይ ለጥፌ ከጠዋት ጀምሮ ስዘጋውና ስከፍተው ውያለሁ፤ አንዴም እምቢ አላለኝም። አንተ ዘንድ ግን የሆነ ነገር ሆኗል። ጥፋቱ ፕሮግራሜ ውስጥ ካለ አገኘዋለሁ። ፕሮግራም ሰው አይደለም፤ ሲዋሽ እንኳ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውሸት ነው የሚዋሸው።

ለአጋርህ ደግሞ ጨርቁን እንዳያነሳ ንገርልኝ።

ሚጢ

ኅዳር 20 ቀን

ሚጢ፣

እሺ። መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከካልሲዎቼ ጋር።

ሁለተኛው መልስ ይኸውልሽ። ያዘ፣ አልለቀቀም። ምን እንደያዘ አትጠይቂኝ። በግራ እጄ ላይ ምን እንደነበረ ደግሞ ሳልነግርሽም ታውቂያለሽ። ሲዘጋ እንደ ጨዋ ተዘጋ። ክፈት አልኩት፤ ዝም። እንደገና ክፈት አልኩት፤ ዝም። ሻለቃ መጣች፣ መጀመሪያ ምላጩን ከግራዬ ወሰደችው፣ ቀጥላ ማሰሪያውን ፈትታ እጁን ከክንዴ አወለቀችው። ነገሩ በዚያ አለቀ። ማንም አልተጎዳም። ይህን የምልሽ ሁለቴ እንዳትጠይቂኝ ነው፤ ማንም አልተጎዳም።

እንዴት ክፈት እንደምለው ጠይቀሻል። የሌለውን ጣቴን ብድግ የማደርግ ያህል አስባለሁ፤ መቀስ ስከፍት እንደማደርገው። ነካ አድርጌ እተወዋለሁ። ባለሙያዋ «ጠበቅ አድርገህ ቆይበት» የምትለው ለዚህ ነው፤ እሷ እንዳለችው ስቆይበት ይከፈታል። ሥራ ላይ ስሆን ግን እረሳዋለሁ፤ ስደነግጥማ ይብሳል። እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ፣ ድንጋይ ጠራቢ አይደለሁም። ዕድሜ ልኬን የሠለጠንኩት ነካ አድርጎ ለመተው ነው፤ ይህን ልማድ በዚህ ዕድሜዬ አልተውም፣ ልተወው ብልም ክንዴ አይሰማኝም።

እጁን አልወቅሰውም፤ አንቺንማ እንዴት ብዬ። ለሌላ ሰው ጥሩ እጅ ነው። ነገር ግን ምላጭ የያዘ ሰው ሌላውን እጁን ካላመነው መላጨት የለበትም። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ያን ቅዳሜ ነው ያወቅሁት። ለአጋሬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ወንበሩን ለሰውየው ሲሰጠው አብሬ ቆሜ እመርቃለሁ።

አባባ ደህና ናቸው ብያለሁ፤ ደህና ናቸው።

ወንድሜ ብለሽ ከቆጠርሽኝ፣ ተይው ይብቃሽ።

ኅዳር 29 ቀን

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ሰላምታው ይኸው ነው። አሁኑኑ ሄደህ ለአጋርህ የሰጠኸውን ቃል መልስ። ሰው ከሠራው ስህተት ቢመለስ ነውር የለውም።

«ነካ አድርጌ እተወዋለሁ» የምትለውን መስመር ያነበብኩት ቆሜ ነበር፤ ሳልቀመጥ ሽቦውን ክንዴ ላይ ለጠፍኩት። እስከዚያ ድረስ እንደ ድንጋይ ጠራቢ ነበር ስጨምቀው የከረምኩት! ባለሙያዋም እንዲሁ፣ የክፍላችን ሰዎች ሁሉ እንዲሁ። ይህን እጅ እንደ ፀጉር ቆራጭ አድርጎ የሞከረ አንድም ሰው አልነበረንም። መቀስ የምከፍት መስሎኝ ጣቴን ብድግ አደረግሁና ተውኩት። እጁ እንዳኮረፈ ሰው ዝም አለኝ። ደገምኩ፤ ዝም። በደስታ ስጮህ የሥራ ባልደረቦቼ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሏቸው ሊያላቅቁኝ ተሯሯጡ።

እንዲህ ነው ነገሩ። የጡንቻህን ምልክት የሚቀበለው ክፍል እንደ ፖስታ ሳጥን ነው። ጡንቻህ «ክፈት» ብሎ መልእክት ይጥላል፤ ፕሮግራሜ ሳጥኑን ከፍቶ መልእክቱን ያወጣል። ሲያወጣው ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ አሮጌው መልእክት እንደ አዲስ እንዳይነበብ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደምወደው ወደ «ትልቁ» ና። ከሁለቱ ትልቁን ስጠኝ ስለው የሰጠሁትን ቃል በቃል ይተካል ብዬህ አልነበር? ስለዚህ እኔ አንዴ የጻፍኩት ቺፗ ዘንድ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ነው፦ «ሳጥኑን ክፈት፤ ያለው መልእክት ከዝቅተኛው ፍጥነት ይበልጣል? ከበለጠ ሳጥኑን ክፈትና መልእክቱን አምጣ»። ሁለቴ! መጀመሪያ ከፈተችው፤ መልእክት አለ፤ ይበልጣል፤ እሰየው። ከዚያ ልታመጣው ስትመለስ ሳጥኑ ባዶ ነው። እጁም በባዶ ፍጥነት ተከፈተ፣ ማለት አልተከፈተም። ከሁለቱ ትልቁን ስጠኝ ያልኩት ማክሮ ከሁለቱም የሚያንሰውን ሰጠኝ፤ እንደዚህ ዓይነት ጉድ ታይቶ አይታወቅም። ድንጋይ ጠራቢ ሲጫነው የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ሁለተኛው ድረስ ጡንቻው ሌላ መልእክት ይጥላል። አንተ ግን አንዴ ጥለህ ትሄዳለህ።

ቁጥር በነበረ ጊዜ ምንም ችግር አልነበረበትም። ቁጥር ሁለቴ ብትጠይቀው ያው ቁጥር ነው። ላንተ ብዬ ቁጥሩን አንስቼ በቦታው ጥያቄ ሳስገባ ግን ያቺ ለጎረቤታችን በር የከፈተችው ልጅ ጉዱን አፈላችው። ጋሼ፣ አንተን ሁለቴ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ጡንቻህን ሁለቴ መጠየቅ ሌላ። አንተ እውነቱን የምትናገረው በሁለተኛው ነው። እሱ በመጀመሪያው ተናግሮ ጨርሷል።

መፍትሔው ከዚህ ደብዳቤ ያጥራል። «ትልቁ»ን ከማክሮነቱ ሽሬ ተራ ፈንክሽን አደረግሁት፤ ፈንክሽን መጀመሪያ ሳጥኑን አንዴ ከፍቶ መልሱን በእጁ ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚያወዳድረው። አለቃችን አይቶት «ይኼን ስህተት እኮ ለጀማሪ ነው የምናስተምረው» አለኝ። «አዎን፣ የማስተምረው እኔ ነኝ» አልኩት።

አዲሱ ፕሮግራም ባለሙያዋ ዘንድ ደርሷል። ካስጫንከው በኋላ መጀመሪያ ማንኪያ ያዝበት፣ ቀጥሎ የሻለቃን ሻርፕ፣ ከዚያ የራስህን አፍንጫ። ሁልጊዜም ነካ አድርገህ ተወው። አንዴ እንኳ እምቢ ካለህ ወደ መሳቢያው መልሰውና እኔ ራሴ እመጣለሁ። እምቢ አይልህም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉዳይ። ሻለቃ ጽፋልኛለች። ምን እንደያዘ አውቄያለሁ።

የአባባን ጢም! ያውም ግማሹ ከተላጨ በኋላ! ማሰሪያው ሲፈታ እጁ ካንተ ተለይቶ አባባ ጢም ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ አይደል? እሳቸውም ወደ ታች አይተውት «በስተርጅና ሦስተኛ እጅ አበቀልኩ» አሉ አይደል? ሻለቃ አውራ ጣቱን ፈልቅቃ እስክታላቅቀው ድረስ ሳይነቃነቁ ቁጭ አሉ አሉ። እኔ ይህን ሳነብ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፤ ሁለቱንም አትቆጣብኝ። ምላጩ በምን ያህል ቅርበት እንደነበረ ስለገባኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ሳምንታት አለፉ፤ አባባ አንድ ጉንጫቸው እንደ ሕፃን፣ አንድ ጉንጫቸው እንደ ባሕታዊ ሆኖ ከተማውን ይዞራሉ። አጋርህ እንዲያስተካክላቸው አልፈቀዱም። አንተ ደግሞ «አባባ ደህና ናቸው» ትለኛለህ። በግማሽ ደህና ናቸው በለኝ እንጂ!

ጨርሳቸው። በዚህ እጅ እተማመናለሁ። ይህን አንዴ ነው የምለው።

ሚጢ

ታኅሣሥ 12 ቀን

ሚጢ፣

ዶሮዋ ተመልሳለች። ታገሻት።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ፦ አዎን፣ ማንኪያውን። አዎን፣ ሻርፑን። አዎን፣ አፍንጫዬን፤ ሻለቃ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ «የተማረ ቤተሰብ ውስጥ ነው የገባሁት ብዬ ነበር» አለች። ነካ አደረግሁ፣ ተውኩት፣ ተከፈተ። ነካ፣ ተከፈተ። ማመን አቅቶኝ ስይዘውና ስለቀው ውዬ አፍንጫዬ ቀልቶ ነበር።

ቃሌን ለመመለስ ወደ ፀጉር ቤቱ ስሄድ እግሬ ከብዶኝ ነበር። አጋሬ ስቆ ወደ መስኮቱ አሳየኝ። ለአዲሱ ባለሙያ ሌላ ወንበር እዚያ አስገብቶለታል። የእኔ ወንበር ጨርቁን እንደለበሰ ነው። «እህትህን ስለማውቃት ነው» አለኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ያን ቅዳሜ እጁ ጢማቸውን ጨብጦ ሲቀር አባባ ዓይናቸውን አልገለጡም። እኔ ነበርኩ ክፈት፣ ክፈት እያልኩ የምታገለው። እሳቸው በዚያ በአውቶቡስ ድምፃቸው «አትቸኩል፣ ሰው አልጫንኩም» አሉኝ። ይህን ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የተቆጡኝ ቢሆን ኖሮ እጽፍልሽ ነበር።

ሌላም አለ፤ ይህን ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው። ግማሽ ጢማቸውን ይዘው ሲዞሩ ሰው ሁሉ እየሳቀ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። እኔ እቤት ተደብቄ፣ የሚመልሱትን መልስ እየፈራሁ ነበር የከረምኩት፤ ልጄ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው የሚሉ መስሎኝ። ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ጋዜጣ የሚሸጠው ሰው ነው የነገረኝ። ለካ አባባ ሰው በጠየቃቸው ቁጥር «ምንም አልሆንኩ፤ ልጄ እየላጨኝ ነው» ነበር የሚሉት። ሰውየው «መቼ ጀመረዎት?» ሲላቸው «ጥንቁቅ ነው፣ አይቸኩልም» ብለው ያልፋሉ።

ከዚያ አባባ ሳልጠራቸው ሊላጩ መጡ። ፎጣቸውን ራሳቸው አንገታቸው ላይ አድርገው፣ የተላጨውን ጉንጭ ወደ ሻለቃ፣ ያልተላጨውን ወደ እኔ አዙረው ተቀመጡ። የተላጨውም ጊዜ ሲያልፍ መብቀሉ አልቀረም፤ ከአዲስ መጀመር ነበረብኝ። አረፋውን ቀባሁ። ምላጩን በግራዬ ያዝኩ። ባንቺ እጅ አገጫቸውን ያዝኩ፣ ቀና አደረግሁ፣ ቆዳው ተወጠረ። አንድ መስመር ወረድኩ። ከዚያ ሻለቃ ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ፤ መልቀቂያው ደርሶ ነበር።

ነካ አደረግሁ። ተውኩት።

ተከፈተ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው እጅ። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ፍሬኑ ይይዛል» አሉ። ያን ጊዜ ነው የሹፌሩ አባባል የገባኝ፤ እሳቸው ከመጀመሪያውም የሚያዩት መያዙን አልነበረም፣ መልቀቁን ነበር እንጂ።

ያዝኩ፣ ለቀቅሁ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅሁ፤ ጨረስኩ። ትኩስ ፎጣ አደረግሁላቸው። ተነስተው መስታወት ፊት ቆሙ፤ በመዳፋቸው አንዱን ጉንጭ ዳሰሱ፣ ሌላውንም ዳሰሱ። አረጁ እንጂ መልካቸው ያው ነው። ፎቶውን ሻለቃ አንስታቸዋለች፤ ፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ከጎናቸው የሚታየው አውራ ጣት የአንቺ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ፀጉር ቤት ሆኜ ነው፤ የመጀመሪያው ደንበኛዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን እስኪጨርስ እየጠበቅሁት ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ እንደለመድሽው ደህና ነህ ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ።

አንዴ ብቻ ጠይቂኝ።

ጋሼ